ፋይናንስ ሳይማሩ ለፋይናንስ ሙያ ፈተና ስለ መሰናዳት

በአለርት ሆስፒታል የሌሊት ተራዋን ፈጽማ ወደ ቤቷ የምትመለስ ነርስ፣ ወይም በቤቴል ሰፈር ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር፣ ወይም በካራ ቆሬ የሕንጻ ሥራ የሚቈጣጠር መሐንዲስ፣ ‹‹በዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ትምህርት ያልቀመስሁ እኔ፣ የዓለም ባለሙያዎች የሚቀመጡለትን የፋይናንስ ፈተና ልቀመጥ እችላለሁን?›› ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ይቻላል የሚል ነው፤ ከእነዚህ ፈተናዎች ታላላቆቹ ተፈታኙ በሒሳብ ወይም በፋይናንስ የተመረቀ መሆኑን አይጠይቁምና። ጥያቄው በዛሬው ጊዜ መብዛቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲያቀርቡ ታዝዟል፤ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ አገር ባንኮች በር ከፍቷል። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በአዲስ አበባ ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከተቋረጠ ወዲህ ለግማሽ ምዕት ዓመት ፈላጊ ያጣ ዕውቀት፣ እነሆ ዛሬ ባለቤት ይፈለግለታል።

ይሁን እንጂ ይቻላል ማለት ይቀላል ማለት አይደለም። ፋይናንስ ያልተማረ ሰው ከተማረው የሚያንሰው በአእምሮ ስለት ወይም በስሌት ችሎታ አይደለም፤ መሐንዲሱማ ከባንክ ሠራተኛው የከበደ ስሌት ለምዷል። የሚያንሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር በገዛ እጁ ጽፎ አያውቅም። ይህን ጉድለት ሳይሞላ የፈተናውን መጽሐፍ ገልጦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ መሸምደድ የሚጀምር ሰው፣ ለጥቂት ወራት የገባው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቃሉን ይዞ ምሥጢሩን አልያዘምና፣ ጥያቄው ጥቂት ዘወር ብሎ ሲመጣበት መግቢያው ይጠፋዋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር ከወዲሁ ይነገር፦ ከመሰናዶዎ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለፈተናው ሳይሆን ለመዝገቡ ይስጡ።

ከሁሉ አስቀድመው የሚቀመጡትን ፈተና ይምረጡ። በአገራችን ስማቸው በብዛት የሚነሣው ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ መሠረቱ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን የተጣለው የሒሳብ አዋቂዎች ማኅበር የሚሰጠው ኤሲሲኤ ነው። ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ በሚሠራበት ሥርዐት 13 ፈተናዎች አሉት፤ የማለፊያው ነጥብ ከመቶ 50 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፈተናዎች እያንዳንዳቸው የሁለት ሰዓት ሆነው ተፈታኙ በመረጠው ቀን በኮምፒውተር ይሰጣሉ። በአካውንቲንግ የተመረቀ ሰው ከእነዚህ ጥቂቶቹ ይቀነሱለታል፤ ለእርስዎ ግን አይቀነሱም፤ ባይቀነሱም ይበጅዎታል፤ መሠረቱ የሚጣለው በእነርሱ ነውና። ሁለተኛው በአሜሪካ የተቋቋመውና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1963 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ሲኤፍኤ ሲሆን ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ደረጃ ብቻውን ከሥነ ምግባር እስከ ቦንድ፣ ከኢኮኖሚክስ እስከ አክሲዮን ትንተና ዐሥር የትምህርት ዘርፎችን በአንድ ቀን አጠቃልሎ ይጠይቃል፤ በቅርብ ዓመታትም ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከግማሽ ያንሳሉ።

ሒሳብ መሥራትና መመርመር፣ በኋላም ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ አውጥቶ በኦዲተርነት መኖር የሚሻ ሰው ምርጫው ኤሲሲኤ ነው፤ የኩባንያን ዋጋ መመዘንና የሌላውን ሰው ሀብት በአደራ ማስተዳደር የሚሻ ደግሞ ሲኤፍኤን ይያዝ። ምኞቱ ገና ላልለየለት እንግዳ ሰው ግን ከኤሲሲኤ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ በኤሲሲኤ አንድ ፈተና ቢወድቁ የሚያጡት ያን አንዱን ብቻ ነው፤ በሲኤፍኤ ግን ዐሥሩም ዘርፍ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱንም በአንድ ዓመት የሚጀምር ሰው አንዱንም ዳር ሲያደርስ አላየሁም።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ለዚህ ትምህርት ውድ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይግዙ፣ ገጹን በመካከል በመስመር ይክፈሉ፣ ግራውን ዴቢት፣ ቀኙን ክሬዲት ብለው ይሰይሙ፤ ለጥሬ ገንዘብ አንድ ገጽ፣ ለሸቀጥ አንድ ገጽ፣ ለተሰብሳቢ ሒሳብ አንድ ገጽ፣ ለብድር፣ ለካፒታል፣ ለሽያጭና ለወጪም እንዲሁ እያንዳንዱን በገጹ ያዘጋጁ። ከዚያም በኮልፌ አጠና ተራ አንድ ነጋዴ እንዳለ ያስቡ። ይህ ሰው ከራሱ 200,000 ብር አውጥቶ፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም 100,000 ብር ተበድሮ፣ በ180,000 ብር አጠና ገዝቶ ደረደረ። በወሩ ውስጥ ግማሹን፣ ማለትም የ90,000 ብሩን አጠና፣ በ120,000 ብር ሸጠ፤ ከዚህ 70,000ውን በእጁ ሲቀበል 50,000ውን ለአንድ ሥራ ተቋራጭ በዱቤ ለቀቀ፤ 10,000 ብርም የቦታ ኪራይ ከፈለ። የብድሩን ወለድ ለጊዜው እንተወው።

እያንዳንዱን ድርጊት በሁለት ገጽ ላይ ይጻፉት፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ብድሩ ሲገባ ጥሬ ገንዘቡ በግራ፣ ዕዳው በቀኝ፤ አጠናው ሲገዛ ሸቀጡ በግራ፣ የወጣው ጥሬ ገንዘብ በቀኝ ይሰፍራል። ሽያጩ ግን ጀማሪውን ሁሉ የሚያሰናክል ስለሆነ ቀስ ብለው ይዩት፤ በአንድ ሽያጭ ሁለት ነገር ይፈጸማልና። በመጀመሪያ 70,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 50,000 ብር ተሰብሳቢ በግራ፣ 120,000 ብር ሽያጭ በቀኝ ይጻፋል፤ ቀጥሎም የተሸጠው አጠና ዋጋ 90,000 ብር በግራ እንደ ወጪ፣ በቀኝ ከሸቀጡ እንደ ተቀነሰ ይሰፍራል። በወሩ መጨረሻ ሲደምሩ 180,000 ብር ጥሬ ገንዘብ፣ 50,000 ተሰብሳቢና 90,000 ሸቀጥ፣ በጠቅላላው 320,000 ብር ሀብት ያገኛሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ 100,000 ብር ዕዳ፣ 200,000 ካፒታልና 20,000 ብር ትርፍ፣ እርሱም 320,000 ይሆናል። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ሊቁ ስሌቱ መሳቱን ወዲያው እንደሚያውቅ፣ የሒሳብ ሰውም ሁለቱ ወገኖች ካልተካከሉ ብዕሩ የሆነ ቦታ መሳቱን ያውቃል። ይህን የአጻጻፍ ሥርዐት በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ በታተመ መጽሐፍ ዘርዝሮ ያስተማረው ሉካ ፓቾሊ መነኩሴ ነበረ፤ ነገሩ ከባንክ ቤት ብቻ የተወለደ የሚመስለን ብዙዎች ነን።

አሁን ደግሞ ደብተሩን ሳይዘጉ ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ነጋዴው ከሥራው ስንት ብር አገባ? ከሽያጭ 70,000 ተቀበለ፤ ለአጠናው 180,000፣ ለኪራዩ 10,000 ከፈለ፤ እንግዲህ 20,000 ብር ያተረፈ ሰው በዚያው ወር ከሥራው 120,000 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። በእጁ ያለው ገንዘብ ካፒታሉና ብድሩ ነው እንጂ የሥራው ፍሬ አይደለም። የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚባሉት ሦስቱ ሰነዶች ለምን ሦስት እንደ ሆኑ ይህን ምሳሌ በእጁ የሠራ ሰው ዳግመኛ አይጠይቅም። በኤሲሲኤም በሲኤፍኤም ትርፋማ ሆኖ ሳለ ጥሬ ገንዘብ የሚያልቅበትን ኩባንያ የሚመለከት ጥያቄ ከዚህ አጠና ነጋዴ የራቀ አይደለም።

ምሳሌውን ከጨረሱ በኋላ ቍጥሮቹን እየለዋወጡ ይድገሙት፤ ተቋራጩ ዕዳውን ባይከፍልስ? ነጋዴው በ60,000 ብር ጋሪ ቢገዛና ጋሪው በአምስት ዓመት የሚያረጅ ቢሆንስ? ቀጥሎም እውነተኛ መዝገብ ይፈልጉ። በሰፈርዎ እድር ገንዘብ ያዡን ለማገዝ ራስዎን ቢያቀርቡ፣ እምቢ የሚልዎ ዳኛ አይገኝም፤ የደረሰኝ፣ የመዋጮና የቅጣት ገቢ እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ወንበር በኮልፌ ቀራንዮ አይገኝም። ከዚያ በኋላ የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይያዙ፤ ከዘመድ ከወዳጅ የባንክ ባለአክሲዮን አይጠፋምና መጽሐፉን ማግኘት አይከብድም። ሥዕሎቹንና የሊቀ መንበሩን መልእክት ይለፉ፤ ከኦዲተሩ ሪፖርት በኋላ ያሉትን ቍጥሮችና በስተኋላ የተዘረዘሩትን ማብራሪያዎች ያንብቡ፤ የማይገባዎን ምልክት አድርገው ይተዉት፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱበት አብዛኛው ተፈትቶ ያገኙታል።

ከመዝገብ ቀጥሎ የሚመጣው ዐቢይ ነገር የገንዘብና የጊዜ ዝምድና ነው፤ ይህንንም ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ስሙን ሳይሰማ ያውቀዋል። 10 አባላት ያሉት፣ በየወሩ 5,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ቢኖር፣ የመጀመሪያው ባለዕጣም የመጨረሻውም የሚያነሡት 50,000 ብር ነው፤ ነገር ግን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ሲደሰት የኋለኛው ለምን እንደሚከፋ፣ የቸገረው ሰውም የሌላውን ዕጣ ለመግዛት ለምን እንደሚጨምር ማንም አይጠፋውም። ፈተናው የሚጠይቅዎ ይህን ስሜት በቍጥር እንዲናገሩ ነው። ገንዘብ በወር 1 ከመቶ ያፈራል ብንል፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ የሚገኘው 50,000 ብር ዛሬ የሚያወጣው 45,717 ብር ነው፤ ይኸውም 50,000 ለ1.01 ዘጠኝ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ4,283 ብሩ ልዩነት የመጠበቅ ዋጋ ነው። ቦንድ፣ የቤት ብድር፣ የአክሲዮን ዋጋ ግምት፣ የፕሮጀክት ምርጫ፣ ሁሉም ከዚህ ስሌት የተቀዱ ናቸውና፣ ይህን ሳይጠግቡ ወደ ቦንድ ምዕራፍ አይለፉ።

የሲኤፍኤ ተፈታኝ ይህን ስሌት የሚሠራው ተቋሙ በፈቀዳቸው ሁለት የካልኩሌተር ዓይነቶች ብቻ ነው፤ እነርሱም የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢ ኤ ሁለት ፕላስ እና የኤች ፒ 12 ሲ ናቸው። አንዱን ከመጀመሪያው ሳምንት ገዝተው በእጅዎ ያላምዱት። ቢ ኤ ሁለት ፕላስን የገዙ እንደ ሆነ ሁለት ነገሮችን ያስተካክሉ፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኀዝ ብቻ ያሳያል፤ ደግሞም ስሌቱን እንደ ቅደም ተከተሉ እንጂ በሒሳብ ሕግ አይሠራም፤ 2 ሲደመር 3 ሲባዛ በ4 ብለው ቢነኩት 14 በማለት ፈንታ 20 ይላል። በቅርጹ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው እስኪለውጡት ድረስ ሳያውቁት ያሳስትዎታል።

ጊዜን በተመለከተ፣ የሲኤፍኤው ተቋም ለአንድ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመክራል፤ እንግዳ ሰው ለመዝገቡ 100 ሰዓት ይጨምርበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ቢያጠኑ በሳምንት 12 ሰዓት ይሆናል፤ 400 ሰዓት የሚሞላውም በ33 ሳምንት ገደማ ነው። ማለዳውን የመረጥሁት ለጽድቅ አይደለም፤ ከሥራ ወጥቶ፣ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና የሚወስደውን የታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ከዚያም ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ሌላ ታክሲ ተሳፍሮ የሚገባ ሰው ማታ ምን ልቡና እንደሚተርፈው ስለሚታወቅ ነው። እሑድን ይረፉበት። ቤት የሚጠብበት ሰው ቅዳሜን በአራት ኪሎ በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቢያሳልፍ መልካም ነው፤ ከጦር ኃይሎች በባቡር እስከ ስታዲየም ቢሄዱ የመንገዱ እኩሌታ ይቃለላል። ብቻውን በደብዳቤ ትምህርት የሚማር ሰው ቢታክት፣ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ በፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት የተቀበለው ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን በእስር ሳለ በተልእኮ ተምሮ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. መቀበሉን ያስታውስ።

ስለ መጻሕፍት አጭር ቃል። በእጅ ስልክ የሚዘዋወሩትና በየማተሚያ ቤቱ ፎቶ ኮፒ የሚደረጉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው፤ ደብል ኤንትሪ የሚባለው ያ በሁለት ገጽ የመጻፍ ሥርዐት ስለማያረጅ ለመዝገቡ ትምህርት ቢጠቀሙባቸው አይጎዱም፤ ለፈተናው ግን የዓመቱን መርሐ ትምህርት ከተቋሙ ዘንድ አውጥተው ከያዙት መጽሐፍ ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ ያመሳክሩ። ‹‹በሦስት ሳምንት እናሳልፋለን›› የሚሉትንም ይለፏቸው።

በሲኤፍኤ የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ምግባር ክፍል ከጥያቄዎቹ ከመቶ 15 እስከ 20 ይይዛል፤ ፋይናንስ የተማሩት ተፈታኞች ‹‹ይህማ የታወቀ ነው›› ብለው የሚንቁት፣ ብዙዎቹም የሚሰናከሉበት ነው። ለእንግዳ ሰው ግን ከሁሉም ጋር እኩል የሚቆምበት ሜዳ ነው፤ የሕሙማንን ምሥጢር መጠበቅ የለመደች ነርስ የደንበኛን ምሥጢር ስለ መጠበቅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመረዳት አትቸገርም። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ወር ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ምዝገባን በሚመለከት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንጂ ዕውቀት አይደለም። ለሲኤፍኤ ዘመኑ ያላለፈበት ፓስፖርት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት ፓስፖርቱን ያውጡ፤ ሲመዘገቡም ስምዎን በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈ ፊደል በፊደል ይሙሉ፤ በዲግሪው ላይና በፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም በተለያየ የላቲን ፊደል የተጻፈበት ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። የምዝገባው ገደብ በፈረንጅ አቈጣጠር፣ የፈተናው ሰዓትም በፈረንጅ ሰዓት ይነገራል፤ 9 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነውና በወረቀት ላይ በእኛ ሰዓት ለውጠው ይጻፉት። ክፍያው በዶላር ወይም በፓውንድ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ ያሰሉት በወሩ ላይበቃ ይችላል፤ ጥቂት ጨምረው ይያዙ፣ በባንክዎም የውጭ ምንዛሪ አከፋፈሉን አስቀድመው ይጠይቁ። በሁለቱም ተቋማት ቀድሞ የተመዘገበ በአነስተኛ ዋጋ ይመዘገባል። በተወሰነ ወቅት ለሚሰጡት የኋለኞቹ የኤሲሲኤ ፈተናዎች ጊዜ ሲመርጡ ደግሞ ኑሮዎን ይመልከቱ፤ የጁኑ ፈተና በግንቦት መጨረሻ ስለሚውል ለመምህር አይመችም፤ የተማሪ ፈተና የሚታረምበት ጊዜ ነውና፤ ለእርሱ ክረምቱን አጥንቶ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜን ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የመጨረሻዎቹን ስድስት ሳምንታት አዲስ ነገር አያንብቡ፤ ጥያቄ ይሥሩ። 270 ደቂቃ ለሲኤፍኤ የመጀመሪያ ደረጃ 180 ጥያቄዎች ሲከፈል ለአንዱ 90 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ይህን ፍጥነት ሰውነት ካልለመደው ዕውቀት ብቻውን አያድንም። ልምምዱን ሰዓት ይዘው፣ ስልክ ዘግተው፣ ከወንበር ሳይነሡ ይሥሩት። ለተሳሳቱት ጥያቄ ሁሉ በተለየ ደብተር ምክንያቱን ይጻፉ፤ ባለማወቅ ነው፣ ጥያቄውን በትክክል ባለማንበብ ነው ወይስ በስሌት? ባለማወቅ የሳቱትን በማንበብ ያቃኑታል፤ ባለማስተዋል የሳቱት ግን በዝግታ እንጂ በንባብ አይድንም፤ ሁለቱን ያልለየ ተፈታኝ የሚያውቀውን ምዕራፍ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለምና አንድም ጥያቄ ባዶ አይተዉ።

ፈተናዎቹን ሁሉ ያለፈ ሰው ግን ገና የማኅበር አባል አይደለም። ኤሲሲኤ የ36 ወራት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲኤፍኤም ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተሠራ 4,000 ሰዓት ሙያዊ ሥራ ይሻል። ይህ ጊዜ ከጥናቱ ጋር ጎን ለጎን ሊቈጠር ስለሚችል፣ ነርሷ ወደ ሆስፒታሉ የሒሳብና የመድን ክፍል፣ መሐንዲሱም ንብረት ለሚያስገምትና ፕሮጀክት ለሚመረምር የባንክ ብድር ክፍል ከወዲሁ ያመልክቱ፤ ማመልከቻውን የመጨረሻው ፈተና እስኪታለፍ ማሳደር ሦስት ዓመት ያስከፍላል።